ምዕራፍ ሰባት፦ የቆመ መኪና የሚናገረው

ባለፈው ምዕራፍ ለየብቻቸው የተቀመጡ ሁለት መዝገቦች ሊገናኙ የሚችሉት በሁለቱም ውስጥ የሚገኝ አንድ የጋራ መለያ ሲኖር መሆኑ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የጤና ጣቢያ ካርድ ቁጥር እየተጠቀሱ ተብራርቷል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ከዚያው ሐሳብ የሚነሣ ቢሆንም ስፍራው ጠባብ ነው፤ የቁማር ቤት የመኪና ማቆሚያ። ስፍራው የተመረጠው በአንድ በኩል ሕግ የፈቀደው፣ ነገር ግን ብዙ ሰው ቤተሰቡ፣ አሠሪው ወይም የንስሐ አባቱ እንዲያውቅበት የማይፈልገው ድርጊት የሚፈጸምበት በመሆኑ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደዚያ የሚሄደው ሰው ማንነቱን የሚያስታውቅ ቁጥር በመኪናው ላይ ለጥፎ በአደባባይ የሚቆም በመሆኑ ነው። ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያየው የሚችለው ነገር በምን አግባብ የግል ምሥጢር ሊባል ይችላል የሚለው ጥያቄ እዚህ ጠንክሮ የሚነሣውም ስለዚህ ነው።

የሮቢት ሰው ዓይን

ከወልዲያ ተነሥቶ በቆቦና በአላማጣ በኩል ወደ መቐለ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዞብል ተራሮች በስተ ምዕራብ በተዘረጋው የራያ ሜዳ የምትገኘው ሮቢት ካዚኖ የላትም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ አንድ የማሽላ ነጋዴ ኤፍኤስአሩን ኳስ ከሚታይበትና ውርርድ ከሚቆረጥበት ቤት ደጃፍ ላይ ቢያቆም፣ መኪናው የማን እንደሆነ ለማወቅ ታርጋውን ማንበብ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ጀበና ይዛ ከመንገዱ ማዶ የተቀመጠችው ቡና ሻጭ ከሸራው ቀለምና ከተሰበረው የኋላ መብራት ታውቀዋለች፤ ባጃጅ ከሆነ ደግሞ በጀርባው ላይ የተጻፈው ጥቅስ ከሰሌዳው ይልቅ ባለቤቱን ያሳውቃል። ስለዚህ በትንሽ ከተማ የሚቆምሩ ሰዎች ያለ ካሜራም ይታያሉ፤ በዚህ መልኩ ሲታሰብ በካዚኖ ማቆሚያ ላይ ሰሌዳ የሚያነብ ካሜራ አዲስ ነገር ያመጣ አይመስልም።

ልዩነቱ የሚገለጠው ማየት ከማስታወስ፣ ማስታወስም ከመጠየቅ ተለይቶ ሲታይ ነው። ቡና ሻጯ ያየችውን ከሳምንት በኋላ በከፊል ትረሳዋለች፣ ማክሰኞ ነበር ወይስ ሐሙስ የሚለው ይምታታባታል፣ ከወር በኋላ ደግሞ «እዚያ ሲቆም አየው ነበር» ከማለት ያለፈ ነገር አይኖራትም። ካየችው ውስጥም እርሷ ራሷ የምትተወው አለ፤ ሰውየው የጎረቤቷ ልጅ ከሆነ ነገሩ እንዳላዩ ይታለፋል። ወሬው ቢወጣ እንኳ ባለቤት አለው፤ ሰውየው ስሜ ጠፋ ብሎ ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ በራያ ቆቦ ዘወልድ በሚባለው የሽማግሌዎች የዕርቅ ሥርዓት ፊትም ይሁን በሌላ ሸንጎ፣ ተናጋሪው «በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመልካቹም የሚታይ ነው፤ ቡና ሻጯ ማን ቤት እንደምትገባ ነጋዴውም ያውቃል። በዚህ መካከል ማንም ሰው ተነሥቶ «ባለፉት ስድስት ወራት በዚህ ደጃፍ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆሙትን መኪኖች ሁሉ ከነሰዓታቸው ንገሪኝ» ሊላት አይችልም፤ ቢልም መልስ አያገኝም።

ይህ መልስ ሊሰጥበት የማይቻል ጥያቄ የምዕራፉ ማዕከል ነው። የካዚኖው ካሜራ ከቡና ሻጯ የሚለየው አብልጦ ስለሚያይ አይደለም፤ ከአጠገቡ ያለ ሰው የሚያስተውለውን የፊት መከፋት ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ ሰሌዳ አንባቢ ካሜራ አያይም። የሚለየው ያየውን ለማንኛውም ጊዜና ለማንኛውም ጠያቂ ሊመለስ በሚችል መልክ ስለሚያስቀምጥ ነው።

ከምስል ወደ አንድ መስመር

ሰሌዳን በማሽን የማንበብ ዘዴ በብሪታንያ የፖሊስ የሳይንስ ልማት ክፍል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተፈለሰፈ ሲሆን፣ አሠራሩ በምዕራፍ አራት ስለ ምስል ከተባለው ብዙ አይርቅም። ካሜራው ለሰው ዓይን በማይታይ ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን መኪናውን ያበራል፤ ሰሌዳው ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ በመሆኑ ከቀረው የመኪናው አካል ጎልቶ ይወጣል፤ ፕሮግራሙ አራት ማዕዘኑን ቆርጦ ያወጣና ፊደላቱንና አኃዞቹን ለየብቻ ነጥሎ ከሚያውቃቸው ቅርጾች ጋር ያመሳስላል። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በቆየው የኢትዮጵያ ሰሌዳ ላይ ከቁጥሩ ሌላ የክልሉ ምልክትና መኪናው የታክሲ፣ የቤት፣ የንግድ ወይም የመንግሥት መሆኑን የሚያመለክት ኮድ ስለሚገኝ፣ ባለቤቱ ባይታወቅ እንኳ ሰሌዳው በራሱ የሚናገረው አለው። በሥራ ሰዓት ካዚኖ ደጅ የተነበበ ኮድ 4 (የመንግሥት መኪና) ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያስነሣ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ነገር እጅግ ትንሽ ነው፦ የሰሌዳ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። አንድ መስመር ጽሑፍ ናት። የቪዲዮ ምስል ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ለማስቀመጥ ወጪ አለው፣ ስለዚህም ድርጅቶች ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ በላዩ ሌላ ይቀዱበታል፤ ይህች መስመር ግን ለዓመታት ብትቀመጥ ወጪዋ ከምንም አይቆጠርም። በአቧራና በጭቃ የተሸፈነ ሰሌዳ ላይ 3 ቁጥር 8 ሆኖ ሊነበብ ይችላልና መስመሯ ስሕተትም ልትሆን ትችላለች፤ ሆኖም ምስሉ ተሰርዞ መስመሯ ብቻ ከቀረች ስሕተቱን የሚያጣራ ነገር አይኖርም።

ማገናኘት የተለመደባት ከተማ

በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት የምትገኘው ላስ ቬጋስ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ስፍራ አይደለችም። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከመሆኗ የተነሣ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 የከተማዋን አንድ ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞላቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ታክሲ ነጂ፣ የካርታ ጠረጴዛ አጫዋች ወይም የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆነው በካዚኖዎቹ ዙሪያ ይተዳደራሉ። እንግዲህ በዚህ ምዕራፍ የሚነገረው ሥርዓት ከወሎ የሄደ ሰው በየቀኑ የሚሠራበት ሥርዓት ሊሆን ይችላል።

በዚያች ከተማ ዋና ጎዳና ላይ መኪና ማቆም ለብዙ ዘመን በነጻ ነበር። ታላቁ የካዚኖ ኩባንያ ኤምጂኤም እ.ኤ.አ. በ2016 ማስከፈል ሲጀምር፣ መኪና ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግቡ መግቢያዎች፣ ባዶ ቦታን በአረንጓዴ የተያዘውን በቀይ መብራት የሚያመለክቱ መሣሪያዎችም አብረው መጡ። ለዚህ ምዕራፍ ግን ከክፍያው ይልቅ ከክፍያው ነጻ የመሆኛው መንገድ ይበልጥ ያስተምራል። በቁማርና በሆቴል ወጪው ከተወሰነ ደረጃ የደረሰ ደንበኛ የታማኝ ደንበኛ ካርዱን በመውጫው ላይ ሲያስነብብ አይከፍልም። ይህ ካርድ በቁማር ማሽን ውስጥ ገብቶ ሰውየው ስንት እንዳስያዘ፣ ስንት እንደተበላ፣ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ የሚቆጥረው ያው ካርድ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የመኪና ማቆሚያው መዝገብ ስለ አንድ መኪና፣ የቁማር አዳራሹ መዝገብ ስለ አንድ ደንበኛ ያውቁ ነበር፤ ሰሌዳ በሚያነብ መውጫ ላይ ካርዱ በተነበበ ጊዜ ግን ሁለቱን መዝገቦች የሚያገናኝ ድልድይ ይዘረጋል። ደንበኛው በልቡ የፓርኪንግ ዋጋ ያተረፈ ይመስለዋል።

ማገናኘት የሚባለው ጥበብ በዚህች ከተማ ከካሜራው አስቀድሞ የተራቀቀ መሆኑም መታወቅ አለበት። ጄፍ ጆናስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለላስ ቬጋስ ካዚኖዎች «ኖራ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቅ ሥርዓት ሠርቶ ነበር፤ ሥራውም በግልጽ የማይታይ ዝምድናን ማውጣት፣ ለምሳሌ ደጋግሞ የሚያሸንፍ ተጫዋችና ካርታውን የሚያድለው ሠራተኛ አንድ የስልክ ቁጥር ወይም አንድ አድራሻ እንደሚጋሩ ማሳየት ነበር። መሣሪያው አጭበርባሪን ለመያዝ ጠቃሚ መሆኑ አይካድም። ሆኖም አጭበርባሪን ከሠራተኛ ጋር የሚያገናኘው ስሌት ባልን ከሚስት፣ ተበዳሪን ከአበዳሪ፣ ሠራተኛን ከአሠሪ ጋርም ያገናኛል፤ ስሌቱ ለምን እንደተጠየቀ አያውቅም። የአሜሪካ መንግሥት የስለላ ተቋም ሲአይኤ ከመሠረተው የኢንቨስትመንት ድርጅት ገንዘብ የገባበት የጆናስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 በአይቢኤም ተገዝቷል።

ጠያቂው ማን ነው?

ካዚኖዎች ለካሜራቸው የሚሰጡት ምክንያት ባዶ አይደለም። በሰፋፊ ማቆሚያዎች ውስጥ መኪና ይሰረቃል፣ ያሸነፈ ሰው ተከታትለው ይዘርፉታል፣ ቁማር የያዘው ወላጅ ልጁን በሚያቃጥል ሙቀት መኪና ውስጥ ቆልፎበት ይሄዳል። የራያን ቆላ የግንቦት ፀሐይ የሚያውቅ አንባቢ ይህ የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ግን የዛሬው፣ ቢበዛ የዚህ ሳምንት መዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚፈልጉት ሌሎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ማብቂያ፣ ላስ ቬጋስ ላይ የሽብር ጥቃት ሊደርስ ይችላል የሚል ሥጋት በነበረበት ወቅት፣ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ለዘመን መለወጫ ወደ ከተማዋ የገቡትን ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ከሆቴሎች፣ ከአየር መንገዶችና ከመኪና አከራዮች ሰብስቧል። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ እጅግ የሚበዙት የተጠረጠሩበት ነገር አልነበረም፤ በዓል ለማክበር የሄዱ ናቸው። መዝገቡ ለክፍያ ሲባል የተያዘ ነበር፣ ጠያቂው ግን ሌላ ሆነ።

አንዳንዴም ጠያቂው ጨርሶ ፈቃድ የለውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ኤምጂኤምና ሲዛርስ የተባሉት ሁለት ግዙፍ የካዚኖ ኩባንያዎች በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተጠቅተው የደንበኞቻቸው መረጃ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ጭምር፣ ተወስዷል፤ ከሲዛርስ የተወሰደው በተለይ የታማኝ ደንበኞች መዝገብ ነበር። ይህ መዝገብ ምንም ሌላ ነገር ባይጻፍበት እንኳ ማን እንደሚቆምር የሚናገር የስም ዝርዝር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያዋ ሲድኒ፣ ቦንዳይ በሚገኝ አንድ ታላቅ የገበያ ማዕከል፣ ደንበኞች መኪናቸውን የት እንዳቆሙ እንዲያገኙ ተብሎ የተሠራ የስልክ መተግበሪያ ያለ ምንም ጥበቃ በማቆሚያው ያሉትን መኪኖች ሁሉ ሰሌዳና የገቡበትን ሰዓት ለጠየቀው ሁሉ ሲሰጥ መገኘቱን ትሮይ ሀንት የተባለ የደኅንነት ባለሙያ አጋልጧል። እዚያ የቆመው ገበያተኛ ነው፤ ያው መተግበሪያ በካዚኖ በር ላይ ቢሆን ኖሮ የትዳር ጓደኛውን የሚጠረጥር ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ መጠየቅ ይችል ነበር።

አራት ነጥብ ይበቃል

«የሰሌዳ ቁጥር ስም አይደለም» የሚለው መከራከሪያ በባለ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በኢቭ አሌክሳንደር ደ ሞንትጆይና ባልደረቦቹ የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወራት የሞባይል እንቅስቃሴ ስም በሌለበት ሁኔታ መርምረው፣ አንድ ሰው በየት ቦታና በስንት ሰዓት እንደነበረ የሚያሳዩ አራት ነጥቦች ብቻ ቢታወቁ 95 በመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ከሌላው ሁሉ ለይቶ ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስም መሰረዝ እንግዲህ ማንነትን አይሰርዝም፤ ቤትና ሥራ ቦታ ብቻ እንኳ ለመለየት ብዙ ያግዛሉ፣ በመካከላቸው የካዚኖ ማቆሚያ ሲጨመር ደግሞ የተለየው ሰው ምን እንደሚያደርግም ይታወቃል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደዚህ አስተሳሰብ ቀስ በቀስ የመጣ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጆንስ ጉዳይ፣ ፖሊስ በአንድ ሰው መኪና ላይ መከታተያ መሣሪያ አስሮ ለ28 ቀናት መከታተሉን በሕገ መንግሥቱ አነጋገር «ፍተሻ» አድርጎ ቆጥሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በካርፐንተር ጉዳይ ደግሞ የስልክ ኩባንያ ከያዘው የረጅም ጊዜ የአካባቢ መረጃ ለመውሰድ በአመዛኙ የፍርድ ቤት ማዘዣ እንደሚያስፈልግ ወስኗል። ነገር ግን ሁለቱም ውሳኔዎች የሚያስሩት መንግሥትን ነው፤ በገዛ ግቢው ካሜራ የተከለውን ካዚኖ አያገኙትም። ለግል ድርጅቶች ጭምር የሰሌዳ ንባብን የሚመለከት ግዴታ ካወጡት ግዛቶች አንዷ ካሊፎርኒያ ናት፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይሠራበታል።

በኪስ ውስጥ ያለው ሰሌዳ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ መኪና ላይ አይጀምርም። እንደ ሮቢት ባለ ከተማ የሚወራረደው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መኪና የለውም፣ የሚወራረደውም በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ላይ ነው። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በተስፋፉበት መጀመሪያ ላይ ሰውየው ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ፣ የመረጣቸው ጨዋታዎች የታተሙበትን ትኬት ተቀብሎ ይወጣ ነበር፤ ትኬቷ ላይ ኮድ እንጂ ስም አልነበረም፣ ሲበላ በዚያው ደጃፍ ቀድዶ ይጥላታል። ቡና ሻጯ አይታው ይሆናል፤ መዝገብ ግን አላየውም።

ውርርዱ ወደ ስልክ ሲዛወር ይህ ተለወጠ። የውርርድ ሒሳብ የሚከፈተው በስልክ ቁጥር ነው፤ የስልክ ቁጥሩ በመታወቂያ የተመዘገበ ነው፤ ገንዘቡም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ቴሌብር በመሳሰሉ አገልግሎቶች በዚያው ቁጥር ያልፋል። ሰሌዳ በላስ ቬጋስ ማቆሚያ የሚሠራውን የማገናኘት ሥራ በራያ የስልክ ቁጥር ይሠራዋል፤ ምናልባትም አብልጦ ይሠራዋል፣ መኪና ለሌላ ሰው ሊዋስ ይችላልና። አንድ ልዩነት ግን መጠቀስ አለበት፦ ተወራራጁ በዚህ ጊዜ ከቡና ሻጯ ዓይን ስለሚሰወር የተደበቀ ይመስለዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ ዝርዝሩን ይዞ የመጣው ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ከአዋጁ መርሆዎች ለዚህ ምዕራፍ የሚቀርበው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መዋል አለበት የሚለው ነው። ለመኪና ማቆሚያ ክፍያ የተነበበ ሰሌዳ ለቁማር ማስታወቂያ፣ ለውርርድ ክፍያ የተሰጠ ስልክ ቁጥር ለብድር ውሳኔ ማጣሪያ ሲውል የሚጣሰው ይህ መርሕ ነው። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል ጦርነት ደጋግሞ ባለፈባት የቆቦ አካባቢ ደግሞ አንድ መኪና በየትኛው ቀን የት እንደቆመ የሚናገር መዝገብ ከቤተሰብ ጠብ ያለፈ ውጤት ሊኖረው እንደሚችል የአካባቢው ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ መዝገብ ያዡ ተቀይሮ መዝገቡ በቦታው የሚቆይበት ጊዜ አለ።

መርሳት የተሠራበት ማሽን

የቡና ሻጯን መርሳት በማሽን ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ተሞክሯልም። በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት፣ ቁማር ስላሸነፋቸው በራሳቸው ፈቃድ «ከካዚኖ አግዱን» ብለው የተመዘገቡ ሰዎች አሉ፤ የግዛቱ የሎተሪና ቁማር ድርጅት እነዚህን ሰዎች በር ላይ ለመለየት የፊት መለያ ሲጀምር፣ ከያኔዋ የግዛቱ የግል መረጃ ኮሚሽነር አን ካቮኪያን ጽሕፈት ቤትና ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ሥርዓቱን በልዩ ሁኔታ አዘጋጅቶታል። ካሜራው የእያንዳንዱን ገቢ ፊት ከታገዱት ዝርዝር ጋር ያነጻጽራል፤ ካልተመሳሰለ ምስሉ ይጣላል፤ የታገደው ሰው መዝገብም ተቆልፎ የሚኖርና የራሱ ፊት ሲቀርብ ብቻ የሚከፈት ነው። ማሽኑ «ይህ ሰው ከዝርዝሩ አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል፤ «ባለፈው ዓመት እነማን መጡ?» ለሚለው ግን የሚመልስበት ነገር በእጁ አይኖርም። በአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሸር ግዛትም ፖሊስ ያነበበው ሰሌዳ ከሚፈለጉ መኪኖች ዝርዝር ጋር ካልገጠመ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰረዝ ሕጉ ያዛል።

በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ ሥር እንደተሠራው ያሉ ሰፋፊ የመኪና ማቆሚያዎች እየተበራከቱ ባሉበት ጊዜ፣ ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወግ አይደለም። ማቆሚያ ለማስከፈል የሚያስፈልገው መኪናው የገባበት ሰዓት ነው፤ ሰሌዳውም የሚያስፈልገው የገባው መኪናና የሚወጣው አንድ መሆኑ እስኪረጋገጥ ነው። ሒሳቡ ተከፍሎ መኪናው ከወጣ በኋላ ለኦዲት የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና የደረሰኙ ቁጥር ይበቃሉ። ስለዚህ ሥርዓቱን የሚገዛው መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ሰሌዳው በስንት ሰዓት እንደሚሰረዝ፣ መሰረዙን ማን እንደሚያረጋግጥና አቅራቢው ኩባንያ ቅጂ ይይዝ እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል፤ ካሜራው ከተተከለና መዝገቡ መጠራቀም ከጀመረ በኋላ እነዚህን ግዴታዎች በውሉ ውስጥ ማስገባት አቅራቢውን በተጨማሪ ክፍያ መለመን ይሆናል።